ቁስሉና ታሪኩ አልገጥም ሲሉ

ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ እንዲሁም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ

እንደምን አረፈዳችሁ። የዛሬውን ጉዳይ፣ በልጆች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በአዳራሽ ቃላት ነው፤ «ሁለንተናዊ ጥበቃ»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «ቅንጅታዊ አሠራር»። እነሱን ለዛሬ እንተዋቸውና ወደ ክፍላችሁ እንግባ። ጠዋት ስም ስትጠሩ አንድ ልጅ እጁን ያነሣል፤ እጅጌው ወደ ክርኑ ይሸሻል፤ ክንዱ ላይ ሰንበር አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምን እንደምታደርጉ ነው የምንነጋገረው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እናንተ መርማሪም ዳኛም ሽማግሌም አይደላችሁም። ሥራችሁ ማየት፣ ያያችሁትን እንዳለ መጻፍ፣ ሳይውል ሳያድር ለሚመለከተው ማድረስ ነው። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው ያየው ሰው «የሰው ገመና ነው» ብሎ ዝም ሲል ነው። የቀረው ደግሞ ያየው ሰው ተናዶ ወላጅ ጠርቶ፣ ልጁን በዘመድ ፊት አቁሞ «ማን ነው የመታህ?» ሲል ይበላሻል። ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለልን ስላደግን፣ ልጅ የተናገረውን ትልቅ ሰው ካላጸደቀው አናምንም። ስለዚህ የልጁ አካል ራሱ ከሚናገረው እንጀምር።

ቆዳ ላይ የሚነበበው

ልጅ ይሮጣል፣ ይወድቃል። ሲወድቅ የሚጎዳው አጥንት ለቆዳ ቅርብ የሆነበት ቦታ ነው፦ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ክርን፣ ግንባር፣ አገጭ። እዚህ ቦታ ላይ የበለዘ ወይም የተላጠ ነገር ያላየ የአንደኛ ክፍል መምህር የለም፤ አትደንግጡ። መውደቅ ብዙም የማይደርስበት ቦታ ሌላ ነው፦ ጆሮ፣ አንገት፣ ጉንጭ፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ የጭን ውስጠኛው ገጽ። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጆሮው፣ አንገቱ ወይም ደረቱና ሆዱ አካባቢ ከበለዘ ሐኪም በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። አራት ወር ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ደግሞ የበለዘው ቦታ የትም ይሁን የት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። መገልበጥ እንኳ ያልጀመረ ሕፃን ራሱን አያበልዝም።

ቀጥሎ ቅርጹን እዩ። በአርጩሜ ወይም በቀበቶ የተመታ ቆዳ ላይ ሁለት ትይዩ መሥመሮች ይወጣሉ፤ መሐላቸው ነጣ ያለ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ያለው ደም ወደ ግራና ቀኝ ይገፋና ትንንሾቹ የደም ሥሮች ከዳርና ከዳር ይፈነዳሉ። የታጠፈ የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ እንደ ቀለበት የዞረ ምልክት ይተዋል። ቁንጥጫ ትይዩ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ጨረቃዎች ያስቀምጣል፤ የጭን ውስጠኛው ገጽ ላይ የምታዩት ይህንኑ ነው። መሬትና ድንጋይ እንዲህ ያለ ቅርጽ አይሠሩም።

በጥቁር ቆዳ ላይ የበለዘ ቦታ በቀላሉ አይታይም። ከአምፖል ይልቅ በቀን ብርሃን እዩ፤ እብጠትና ሲነካ የሚያም ቦታም ምልክት ነው። ከቀለሙ ተነሥታችሁ ግን «ይሄ የሦስት ቀን ነው፣ ያኛው የሳምንት» አትበሉ። ሐኪምም ቢሆን ከቀለም ብቻ ቀን ሊቆጥር አይችልም። የሚያጠራጥረው ልጁ ጉዳት ላይ ጉዳት እየጨመረ መምጣቱ ነው።

ቃጠሎ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ቤት ውስጥ ብዙ የሚደርስ ነውና። ረከቦቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ጀበናው የፈላ ነው፣ መሄድ የጀመረ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ይስባል። በዚህ ዓይነት አደጋ ቃጠሎው ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ይወርዳል፤ ዳሩ የተዘበራረቀ ነው፤ ዙሪያውን የተረጨ ነጠብጣብ አለ። አሁን ይህንን ከሌላው ጋር አስተያዩት፦ ሁለቱም እግሮች እኩል ቁርጭምጭሚት ድረስ፣ ካልሲ እንዳጠለቁ፣ በቀጥታ መሥመር የተቆረጠ ቃጠሎ፤ የተረጨ ነገር የለም። ልጅ ሙቅ ውኃ ውስጥ በራሱ ቢገባ አንዱ እግር ቀድሞ ይነካል፤ ወዲያው ይንፈራገጣል፣ ውኃው ይረጫል። እኩል የሆነ መሥመር የሚወጣው እግሩ ተይዞ ሲቆይ ነው። በሲጋራ የተተኮሰ ቦታ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጋለ ማንኪያ የማንኪያ ቅርጽ ይተዋል።

በርበሬ ማጠን ብዙዎች እንደ ቀልድ የሚያወሩት፣ ሰው ሲሰበሰብ የሚሣቅበት ቅጣት ነው። ፍም ላይ ሚጥሚጣ በትኖ የልጅን ራስ በነጠላ ሸፍኖ ማጠን የመተንፈሻን ቧንቧ ያሳብጣል፤ ጉሮሮን ሊያኮማትርና ሊዘጋ ይችላል፤ አስም ያለበት ልጅ ሊሞት ይችላል። በማግስቱ የሚመጣላችሁ ልጅ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ይስላል፣ ልብሱ የተቃጠለ በርበሬ ይሸታል። ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት፤ ዓይኑን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡለት። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ከሆነ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፤ «ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። ጥፊም ቀላል አይደለም። ጆሮ ላይ ያረፈ መዳፍ አየሩን ወደ ውስጥ ገፍቶ የጆሮ ታምቡርን ይቀዳል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ወንበር ለውጡልኝ ይላል፣ «እ?» ያበዛል፣ እናንተም «ሰነፍ ሆነ» ትላላችሁ።

ጥቃት የሚመስል ነገር ሁሉ ደግሞ ጥቃት አይደለም። ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ አመድማ ቦታ አላቸው፤ እንደ በለዘ ቆዳ በየቀኑ አይቀያየርም፣ ሲነኩት አያምም፣ ከዓመታት በኋላ ይጠፋል። ለዓይን ሕመም ተብሎ ቅንድብ አካባቢ የተተኮሰ ጠባሳ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል ደግሞ ልጁን ይጎዳሉ፤ ያስደረገችው እናት ግን ለማዳን ብላ ነው። ይህን የሚፈታው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቤት ለቤት ምክር ነው፤ ፖሊስ ይዞ መሄድ እናቲቱን ከጤና ጣቢያው ያሸሻል።

ቅርጽና ቦታ ካያችሁ በኋላ ሦስተኛው ነገር ታሪኩ ነው። «ከአልጋ ወድቆ ነው» የተባለው ልጅ የሁለት ወር ሕፃን ነው? እናት አንድ፣ አባት ሌላ ይናገራሉ? ክንዱ ተሰብሮ ሐኪም ጋ የቀረበው ከሦስት ቀን በኋላ ነው? ቁስሉ፣ የልጁ ዕድሜና የተነገረው ታሪክ አልገጥም ሲሉ ያኔ ብዕራችሁን አንሡ።

ድህነትና ቸልተኝነት

ቸልተኝነት ምልክቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ያልፈናል። ከሁሉ የከፋው ግን ድሀን «ልጁን ችላ ያለ» ብሎ መክሰስ ነው። የምትለዩበት መንገድ አለ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ የክንድ መለኪያ ሜትሩ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ። የአንዱን ልጅ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ፤ እኅት ወንድሞቹንም ለኩ። ቤቱ በሙሉ ከከሳ ያ ቤት የሚያስፈልገው ሴፍቲኔት፣ አልሚ ምግብና የጤና መድኅን ነው። ሌሎቹ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከከሳ ግን፣ በተለይ የእንጀራ ልጅ ወይም «የዘመድ ልጅ» ሲሆን፣ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። የታመመም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሕክምናውን አስቀድሙ።

ትምህርት ቤት ምገባ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ዳቦውን ግማሽ በልቶ ግማሹን ኪሱ የሚከትተውን ልጅ ልብ በሉ። ቤት የሚጠብቀው ታናሽ አለው ማለት ነው።

«ላስተምራት ብዬ አመጣኋት»

ስለ ጥቃት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የማትጠቀስ ልጅ አለች። ከገጠር የመጣች፣ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ መዝገብ ላይ «አሳዳጊ፦ አክስት» የተባለች። በሥጋ ዘመድም ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለው አኗኗር ብዙ ልጆችን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል፤ እሱን መካድ አልፈልግም። ብዙዎችን ደግሞ ያለ ደሞዝ ሠራተኛ አድርጓል።

ምልክቱ ትንንሽ ነገር ላይ ነው። አክስቷን «እትዬ» ትላለች። የቤቱ ልጆች ምሳ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፣ እሷ የላትም። የእጇ ቆዳ በኦሞ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቶቿ ላይ የምጣድ ቃጠሎ አለ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ታንቀላፋለች፣ ምክንያቱም 11 ሰዓት ላይ ተነሥታለች። በዓል ሲመጣ አገሯ አትሄድም፤ የእናቷን ስልክ አታውቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይደነግጋል፤ የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጎታል። የቤት ሥራ ግን በር ተዘግቶ የሚሠራ ስለሆነ የሚቆጣጠረው የለም። ከበሩ ውጭ የሚያያት ሰው እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት አሳዳጊዋን ጠርቶ መውቀስ ነው። ሴትየዋ ትስማማለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ሰኞ ልጅቷ ክፍል የለችም፤ «እናቷ ናፍቃት አገሯ ሄደች» ይባላል። ይልቁንስ እንደማንኛውም ወላጅ አሳዳጊዋን ለውጤት አስጠሯት፤ ስለ ጥናት ሰዓት፣ ስለ እንቅልፍ ሰዓት ጠይቁ። ልጅቷንም ለብቻዋ «እሑድ እንዴት ዋልሽ? ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ» በሏት። የአንድ እሑድ ውሎ ሲተረክ የሥራው ሰዓት በራሱ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይሄዳል።

ልጅ ሲናገር፤ 72 ሰዓት

ጾታዊ ጥቃት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ አከራይ፣ የሰርቪስ ረዳት። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ እነሱ ደግሞ አፋቸውን ለመክፈት የበለጠ ይፈራሉ። ስትቀመጥ የምታመነታ፣ ሽንት ስትሸና የሚያቃጥላት፣ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረች፣ ከዕድሜዋ በላይ የሆነ ወሲባዊ ነገር በጨዋታ የምታሳይ፣ አንድ ሰው ጋ አልሄድም ብላ የምትንቀጠቀጥ ልጅ ካያችሁ ልብ በሉ። አንዱ ምልክት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚያሳስበው ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ልጅ ቁጭ ብሎ ሙሉውን አይነግራችሁም። በሩን ገርበብ አድርጎ ፊታችሁን ያያል። «ቲቸር፣ ሰው ሚስጥር ካወጣ ይታሰራል?» ይላል። ያኔ የምትሉት አጭር ነው፦ «ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ እሰማሻለሁ።» ከጨረሰች በኋላ፦ «የነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ትናገራላችሁና። «ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ ነው የምነግረው» በሏት። «እገሌ ነው አይደል የነካሽ?» የሚል መልሱን ያዘለ ጥያቄ አትጠይቁ። «ከዚያስ?» ይበቃል። ልጅቷ ፖሊስ ጋ እስክትደርስ ለክፍል ኃላፊ፣ ለርእሰ መምህር፣ ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ለእድር ዳኛ አምስት ጊዜ ከተረከች ትረካው መለዋወጡ አይቀርም፤ ጠበቃ ችሎት ላይ የሚይዘውም ያንኑ ልዩነት ነው። በአዲስ አበባ የልደታው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ ችሎት አለው፤ ልጁ ተከሳሹን ሳያይ ከሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ይመሰክራል፣ ጥያቄውን የሚያደርስለትም ባለሙያ ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ እናንተ ቢሮ ውስጥ ከተበላሸ ዋጋ የለውም።

ጥቃቱ በቅርብ የደረሰ ከሆነ ሰዓት ቁጠሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የወር አበባ ለጀመረች ልጅ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፣ እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ሐኪም ሳያያት አትታጠብ። እናቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ግን ማጠብ ነው፤ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ማስረጃውን ግን ይዞ ይሄዳል። የለበሰችው ልብስ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፤ በፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ይታፈንና ይሻግታል። ሰዓቱ ቢያልፍም ሕክምናው አይቀርም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ መስኮት ማዕከል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ሂደቱን በአንድ ቦታ ለመስጠት የተቋቋመ ነው።

ሌላም የሚጎዳን ነገር አለ። ሐኪም «ምንም ጉዳት አልታየም» ብሎ ሲጽፍ ቤተሰብ «ዋሽታለች» ይላል። ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አካላቸው ላይ ምንም አይገኝም። መነካካት ምልክት አይተውም፤ የተጎዳ ለስላሳ ሥጋም በጥቂት ቀን ይድናል። ያ ወረቀት ልጅቷ ዋሸች አይልም።

ደብተሩ

የጻፋችሁት ነገር ከንግግራችሁ በላይ ይሠራል። «ልጅቷ በእንጀራ እናቷ ክፉኛ ተደብድባ መጣች» ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህ ፍርድ ነው፣ ስትደበደብም አላያችሁም። እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡10። ቀኝ ክንድ ከውጭ በኩል፣ ከትከሻ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ትይዩ ሰንበር፣ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ‹ምን ሆነሽ ነው?› ስላት ‹ገመድ› አለች። ሌላ አልጠየቅሁም።» የልጁን ቃል በራሱ አነጋገር ጻፉ። «እንትኔን» ካለ «እንትኔን» ይጻፍ፤ «ብልቴን» ብላችሁ አታርሙት። ስምና ፊርማ ይኑረው፤ ደብተሩ የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። በስልክ ፎቶ አንሥቶ የመምህራን ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ልጅቷን ሁለተኛ ጊዜ ማጥቃት ነው።

ከዚያ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ለወረዳው ባለሙያና ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይደርሳል። አጣዳፊ ከሆነ በአዲስ አበባ የፖሊስ ነፃ ስልክ 991 ነው። ተጠርጣሪው ኃላፊው ራሱ ከሆነ እሱን ዝለሉት። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ተዘጋጁ፤ «ስሟ ይጠፋል፣ ካሣ እንክፈል» ይባላል፣ አንዳንዴም «ያግባት»። ሕፃን ላይ የተፈጸመ ጾታዊ ጥቃት በእርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ከ13 ዓመት በታች ሲሆን ቅጣቱ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅን ማግባትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል።

ሳይደርስ በፊት

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ይሄኛው በተለይ ለእናንተ ነው። የሕፃን ለቅሶ ከተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ መጨመር ይጀምራል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ጣራ ይነካል፤ ሦስት አራት ወር ላይ ይበርዳል። ጤነኛ ሕፃን በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ሊያለቅስ ይችላል። ይህን ያልተነገራት እናት «የኔ ልጅ ብቻ ነው» ትላለች፣ ትበሳጫለች፣ ትነቀንቀዋለች። የሕፃን አንገት ደካማ ነው፣ ራሱ ከባድ፤ ሲነቀነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈሳል። ለአራስ እናት ከገንፎው ጋር ይህንንም ንገሯት፦ አጥቢው፣ ዳይፐሩን እዪ፣ ትኩሳቱን እዪ፤ አሁንም ካለቀሰ በጀርባው አስተኝተሽው ከክፍሉ ውጪ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ጎረቤት ጥሪ። አባትየውም ሞግዚቷም ይስሙ። ሞግዚቷ ራሷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሆነችበት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ቤት አደጋው የሁለት ሕፃናት ነው።

ልጆች የአካላቸውን ስም ይወቁ። «እንትን» ብቻ የሚያውቅ ልጅ ምን እንደተነካ ሊያስረዳ አይችልም። «የልደት ስጦታ በሚስጥር ይያዛል፤ ሰው ሲነካሽ ግን ሚስጥር የለም» የምትለዋን የአራት ዓመት ልጅ ይገባታል። ደግሞም «ጋሼን ሳሚ!» ብሎ ልጅን እንግዳ ላይ መግፋት ቢቀር ምን አለበት? እጅ ነሥታ ሰላም ብትል አክብሮቱ ሙሉ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሊያስተካክል የሚችለው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ገንዘብ አይጠይቅም። ሰርቪስ ላይ መጀመሪያ የሚሣፈረውና መጨረሻ የሚወርደው ልጅ ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር ብቻውን ስንት ደቂቃ ይቆያል? መሥመሩን በመገልበጥ ወይም ሁለት ልጆችን አንድ ቦታ በማውረድ ይስተካከላል። የሴቶች ሽንት ቤት ከውስጥ ይቆለፋል? አስጠኚ ቤት ሲመጣ ሳሎን ላይ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ያስጠና።

አለንጋውንም መተው አለብን። ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከ1987 ጀምሮ ከልክሏል፤ ብዙ ክፍል ውስጥ ግን ዱላው አሁንም ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ቆሟል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ዝምታ ማስፈን ከባድ እንደሆነ አይጠፋኝም። ነገር ግን ጠዋት በመምህሩ የተመታ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚደርስበትን ለዚያው መምህር አይነግርም።

አንድ የተረሳ ነገር፤ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ በሄደ ማግስት። ልጅቷ ክፍል ስትመጣ መምህራኑ በበር ያዩዋታል፣ ጓደኞቿ ወሬውን ሰምተዋል። ወንበሯ የድሮው ይሁን። ከረሜላ አትግዙላት፣ ልዩ አታድርጓት፣ «አይዞሽ» እያላችሁ ራሷን አትዳብሱ። ሳይጠየቁ የሚነካኳት ሰዎች በዝተውባታል። የቤት ሥራ ካልሠራች እንደማንም ልጅ ጠይቋት። መውጣት ስትፈልግ ምክንያት ሳትናገር የምታሳያችሁ ምልክት ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እርሳሷን ጠረጴዛው ዳር ብታስቀምጥ ይበቃል።